የአንበሳ ደቦል በማን ያድጋል? ከቋራ በረሃ እስከ ስድስት ኪሎ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ከመካከላችን ያልሰማ የለም። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት የኅብረትን ኃይል ሊያስተምሩን ነው። ድር ደካማ፣ አንበሳ ብርቱ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ደካማው ድር ከተባበረ ብርቱውን ያስራል ማለታቸው ነው። በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንበሳው ማንንም ረዳት ሳይሻ ብቻውን የቆመ ኃይለኛ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን የዱር አንበሳን ኑሮ ዓመታት ሙሉ የተከታተሉ ሊቃውንት የጻፉትን ስንመረምር ነገሩን እንዲህ ሆኖ አናገኘውም። አንበሳ ራሱ የሚበረታው ሲያብር ነው። ብቻውን የቀረ አንበሳ ግዛት ለማግኘት እጅግ ይቸገራል፤ ግዛት የሌለውም ልጅ አያሳድግም።

እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ልጆች የአንበሳን ስም ሳንሰማ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። ወላጆቻችን ከኮልፌ ወደ መርካቶና ወደ ፒያሳ ለብዙ ዓመታት የተመላለሱበት የከተማ አውቶቡስ ስሙ «አንበሳ» ነበረ፤ ዛሬም ብዙ ሰው በዚሁ ስም ይጠራዋል። በኪሳችን ያለው ሳንቲም የአንበሳ ራስ ተቀርጾበታል። የከተማችን ትልቁ ሆስፒታል «ጥቁር አንበሳ» ይባላል። በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት በ1923 ዓ.ም. የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው እናያቸዋለን።

ስሙና ሥዕሉ ይህን ያህል ቅርባችን ሲሆን ኑሮውን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ አንድ ጥያቄ አንሥቼ በአቅሜ ለመመለስ እሞክራለሁ። ጥያቄውም «የአንበሳ ደቦል በማን ያድጋል?» የሚል ነው። መልሱ ስለ እንስሳው ብቻ ሳይሆን ስለ አገራችን ታሪክም የሚያስታውሰን ነገር አለው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍሁት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ርስቱ የእናቶች ነው

ስለ ዱር አንበሳ ኑሮ ዛሬ ከምናውቀው አብዛኛው የተገኘው በታንዛኒያ አገር በሰረንጌቲ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጥናት ነው። ጆርጅ ሻለር የተባሉት ሊቅ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል በዚያ ተቀምጠው አንበሶችን ቀንና ሌሊት ተከታተሉ። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክሬግ ፓከርና አን ፒዩሲ የተባሉት ሊቃውንት ጥናቱን ለብዙ ዓመታት ቀጠሉበት። አንዱን አንበሳ ከሌላው የሚለዩበት ዘዴ የሚያስደንቅ ነው። በአፍንጫው ግራና ቀኝ፣ ጢሙ በሚበቅልበት ቦታ፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉ። የነጥቦቹም አሰላለፍ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንበሳ አንበሳ ይለያያል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱን አንበሳ በመዝገብ ጽፈው ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ ማን መቼ እንደ ሞተ ለማወቅ ቻሉ።

ከዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው የመጀመሪያው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። የአንበሳ መንጋ መሠረቱ ጎፈር ያለው ወንዱ ሳይሆን እንስቶቹ ናቸው። እናት፣ ሴት ልጅ፣ እኅት፣ አክስትና የልጅ ልጅ ሆነው በአንድ ግዛት አብረው ይኖራሉ። ግዛቱም ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። በእኛ አገር የቀድሞ የመሬት ሥርዓት ብንመስለው፣ ርስቱ የእናቶች ሲሆን ወንዶቹ ጉልተኞች ናቸው ለማለት ይቻላል። ጉልተኛ ይሾማል፣ ይሻራል፤ ባለ ርስት ግን ከመሬቱ ጋር ይኖራል።

እንስቲቱ 110 ቀን ያህል አርግዛ ትወልዳለች። ስትወልድም ከመንጋው ተለይታ ወደ ጥሻ ወይም ወደ ቋጥኝ ሥር ትገባለች። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ደቦሎች ትወልዳለች። ሲወለዱ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ጠጉራቸው ነጠብጣብ ያለበት፣ ክብደታቸው ከሁለት ኪሎ ብዙ የማያልፍ ደካሞች ናቸው። የዚህ ሁሉ ኃይል ባለቤት የሚሆነው ፍጥረት ሲጀምር ከአንዲት ትንሽ የድመት ግልገል ብዙ አይበልጥም። እናቲቱ አንድ ወር ተኩል ያህል ሰውራ ታጠባቸዋለች። የአንድ ቦታ ሽታ እንዳይበዛና ጅብ ወይም ነብር እንዳይደርስባቸው አንገታቸውን በአፏ ይዛ ከጥሻ ወደ ጥሻ ታዛውራቸዋለች።

ከዚያ በኋላ ይዛቸው ወደ መንጋው ትመለሳለች። በአንድ ወራት የወለዱ እናቶች ልጆቻቸውን አንድ ላይ አድርገው ያሳድጋሉ። ደቦሉም እናቱን ብቻ ሳይሆን አክስቱን ይጠባል፤ እርሷም የራሷን ልጅ ያህል ባትወደውም ብዙ ጊዜ ትታገሠዋለች። ቀድሞ ይህ ኅብረት የተፈጠረው ለአደን ጥቅም ብቻ ይመስል ነበር። ኋላ ግን ሊቃውንቱ እናቶቹ ልጆቻቸውን አንድ ላይ የሚያሳድጉበት ዋናው ምክንያት ልጆቹን ከእንግዳ ወንዶች ለመጠበቅ መሆኑን አስረዱ። አንዲት ብቸኛ እናት ወራሪ ወንድ ሲመጣባት ልጆቿን ለማዳን አቅም የላትም። ሁለት ሦስት ሆነው አብረው ሲቆሙ ግን ከእነርሱ በክብደት የሚበልጠውን ወንድ መልሰው የሚያባርሩበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ በአገራችን የሆነ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በሰኔ 1997 ዓ.ም. በከፋ በኩል በቢታ ገነት አካባቢ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ሳለ፣ ሦስት አንበሶች ጠላፊዎቹን አባርረው ፖሊሶችና ዘመዶቿ እስኪደርሱ ድረስ ሳይነኳት አጠገቧ እንደ ቆዩ የአካባቢው ፖሊስ ተናገረ፤ ዜናውም በዓለም ሁሉ ተሰማ። አንድ የዱር አራዊት ሊቅ የልጅቷ ልቅሶ የደቦል ድምፅ መስሏቸው ይሆናል ሲሉ አስተያየት ሰጡ። ነገሩን የሚያምን ይኖራል፤ የሚጠራጠርም ይኖራል። ቢሆንም የደቦል ጩኸት በአንበሶች ዘንድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳስበናል።

የወንዶቹ ባልንጀርነት

ሴቷ ደቦል ስታድግ ብዙውን ጊዜ በእናቷ ርስት ትቀራለች። የወንዱ ዕጣ ግን ስደት ነው። ዕድሜው ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋና ጎፈሩ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ከተወለደበት መንጋ ይወጣል። ከወንድሞቹና ከአክስቶቹ ልጆች ጋር ሆኖ በሰው ግዛት ዳርቻ እየተደበቀ፣ አንድ ቀን እየበላ አንድ ቀን እየተራበ ይንከራተታል። ወንድም የሌለው ደግሞ እንደ እርሱ ብቸኛ የሆነ ባዕድ ፈልጎ ይወዳጃል። ሊቃውንቱ እንደ ጻፉት አራትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ በሁለትና በሦስት ከሚሄዱት መካከል ግን ዝምድና የሌላቸው ባልንጀሮች አይታጡም።

ይህ ባልንጀርነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ብቻውን የሚዞር ወንድ መንጋ ለማግኘት የሚችለው አልፎ አልፎ ነው፤ ቢያገኝም ብዙ ሳይቆይ ይነጠቃል። ቁጥራቸው የበዛ ባልንጀሮች ግን ግዛት ቶሎ ያገኛሉ፤ ያገኙትንም ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛሉ። ሌሊት የሚያሰሙት ግሣት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። ግሣቱም «ይህ አገር ባለቤት አለው» የሚል አዋጅ ነው። የሚሰሙትም ቁጥር ያውቃሉ። ሊቃውንቱ በሰረንጌቲ የእንግዳ አንበሶችን ግሣት በመሣሪያ ቀድተው አሰሙ። እንስቶቹ የአንዲት እንግዳ ድምፅ ሲሰሙ በድፍረት ወደ ድምፁ ገሠገሡ። የሦስት እንግዶች ድምፅ በአንድነት ሲሰማ ግን እያመነቱ ቀስ አሉ፤ አብረዋቸው ያሉት ባልንጀሮች ሲበዙም ድፍረታቸው በዚያው መጠን ጨመረ።

ሆኖም የወንዶቹ ሹመት አጭር ነው። አብዛኞቹ አንድን መንጋ ይዘው የሚቆዩት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ወይም ሲያረጅ፣ ከዳር ሆነው የሚጠብቁት ጎልማሶች ይመጣሉ። ውጊያ ይሆናል፤ የተሸነፉት ቆስለው ይሸሻሉ ወይም ይሞታሉ። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ለሰው ጆሮ የሚከብድ ነው። አዲሶቹ ወንዶች በመንጋው ውስጥ ያገኟቸውን የቀድሞዎቹን ደቦሎች ይገድላሉ፤ አደግ ያሉትንም ያባርራሉ።

ይህን በጭካኔ ብቻ ልንተረጉመው አይገባም። ደቦል የምታሳድግ እናት ሁለት ዓመት ያህል ዳግመኛ አትወልድም። ልጆቿ የሞቱባት ግን ብዙ ሳትቆይ ለመፀነስ ትዘጋጃለች። የወንዱ ዘመን ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ የሌላውን ልጅ እያሳደገ ቢጠብቅ የራሱ ልጆች ሳያድጉ እርሱ ይሻራል። ተፈጥሮ በዚህ መንገድ አስሮታል፤ ሌላ መንገድ የሚመርጥበት አእምሮ አልተሰጠውም።

በሰረንጌቲ ከሚወለዱት ደቦሎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ረኀብ አለ፤ ጅብ አለ፤ ጎሽ አለ፤ በሽታም አለ። በ1986 ዓ.ም. የውሻ በሽታ ወደ አንበሶቹ ተዛምቶ ከሰረንጌቲ አንበሶች ሢሶ ያህሉን ፈጅቷል። ነገር ግን ከሚሞቱት ደቦሎች ሩቡ ያህል የሚሞቱት በእንግዳ ወንዶች ክንድ መሆኑን ሊቃውንቱ ገምተዋል። እንግዲህ ደቦል የሚያድገው እናቶቹ አብረው ሲቆሙና አባቶቹም ሳይለያዩ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሲጸኑ ነው። ከዚህ አንዱ ቢፈርስ ደቦሉ የለም።

ጎፈር የደፋው ሰው

ይህን ከተረዳን በኋላ የቀድሞውን የአገራችንን የአንበሳ አደን በሌላ ዓይን እንድናይ ያስገድደናል። በጥንት ጊዜ አንበሳ የገደለ ሰው ክብሩ ታላቅ ነበረ። የገደለውን አንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ደፍቶ ይፎክር ነበር፤ ወገኑም እልል ይልለት ነበር። ታላላቅ መኳንንትም ከአንበሳ ቆዳ የተሠራ ለምድ ይለብሱ ነበር። ያ ሰው ከአውሬው ጋር በጦርና በጋሻ ተጋጥሞ ስለሆነ ጀግንነቱን ልንክድ አንችልም። ከብቱንና ልጆቹን ከአውሬ የጠበቀም ብዙ ነው።

ነገር ግን ገዳዩ አንድ አንበሳ ገደልሁ ብሎ ሲፎክር የገደለው አንድ ብቻ አልነበረም። ጎፈሩ ያማረ ወንድ ማለት ብዙ ጊዜ መንጋ የያዘ ወንድ ማለት ነው። እርሱ ሲወድቅ ባልንጀራው ብቻውን ይቀራል፤ ባልንጀራው ሲሸነፍ እንግዶች ይገባሉ፤ እንግዶች ሲገቡ ደቦሎቹ ያልቃሉ። በጦር የተወጋ አንድ ነበረ፤ ያለ ጦር የሞቱት ግን በጥሻው ውስጥ ቀሩ።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዚምባብዌ አገር ሴሲል የተባለው ታዋቂ አንበሳ በአንድ የውጭ አገር አዳኝ ሲገደል ሁሉም የፈራው ይህንኑ ነበር። ሴሲል ጄሪኮ ከሚባል ዝምድና ከሌለው ወንድ ጋር ተወዳጅቶ ነበር የሚኖረው። እንደ እድል ሆኖ ጄሪኮ መንጋውን አልለቀቀም፤ የባልንጀራውንም ደቦሎች አልነካም። ስለዚህ ደቦሎቹ ተረፉ። የባልንጀርነት ጥቅም ከሞት በኋላም እንደሚታይ ከዚህ እንረዳለን።

ከቋራ የወጣው ልጅ

ይህን ሁሉ ሳነብ ወደ ልቤ የመጣው የቋራ በረሃ ታሪክ ነው። ሰውን ከአውሬ ጋር ለማስተካከል አይደለም። ነገር ግን «የተሸነፈው ወገን ልጅ ምን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ በእኛም ታሪክ ውስጥ ዘመናት ሙሉ የነበረ ከባድ ጥያቄ ነው።

የቀድሞ ነገሥታት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ አምባ ነበረ። መንግሥት የሚገባቸው የንጉሥ ልጆች በአምባ ግሸን፣ ኋላም በጎንደር ዘመን በወህኒ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ይህም አንዱ መስፍን አንዱን ልዑል ይዞ እንዳያምፅ ነው። ዛሬም እስር ቤቱን «ወህኒ» ስንል ይህን ታሪክ እናስታውሳለን። ልጆቹ አልተገደሉም፤ ነገር ግን ዕድሜያቸውን በገደል አፋፍ ላይ ፈጸሙ። ከ1761 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዘመነ መሳፍንት ሆነና ንጉሡ በስም ብቻ ቀረ። መሳፍንቱም ዛሬ ተባብረው ነገ እየተለያዩ፣ አንዱ የሌላውን አገር እየወረረ 86 ዓመት አለፈ።

በዚህ ዘመን በቋራ ካሣ ኃይሉ የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት፤ እናቱንም «ኮሶ ሻጭ» እያሉ የሚሰድቡ ነበሩ። ፊደል ይቆጥርበት የነበረውን ገዳም የተሸነፉ ወታደሮች ሲያጠፉት፣ ሕፃናት ተማሪዎች ባለቁበት ሌሊት እርሱ ሸሽቶ እንዳመለጠ ይነገራል። ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ አስጠግተው አሳደጉት። ክንፉ ከሞቱ በኋላ ርስቱን ሲነጠቅ ወደ ቋራ በረሃ ወርዶ ሸፈተ። በዚያም እንደ እርሱ የተገፉ ባልንጀሮች አገኘ። ጥቂት ሆነው የጀመሩት ጓዶች ሳይለያዩ ስለ ጸኑ መሳፍንቱን በየተራ አሸነፉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው «ዳግማዊ ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብለው ነገሡ። ለማዳ አንበሶችም በአጠገባቸው ያኖሩ እንደ ነበር የዘመኑ የውጭ አገር እንግዶች ጽፈዋል፤ ሥዕላቸውም ከአንበሶቹ ጋር ተስሏል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. በሕመም ሞቱና የ11 ዓመት ልጃቸው ምኒልክ ተማረከ። እንግዲህ የተሸነፈው ወገን ልጅ በአሸናፊው እጅ ገባ ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ልጁን አልገደሉትም። ወደ መቅደላ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ ሲያድግም ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽን ዳሩለት። የዱር አንበሳ የማይችለውን ሰው ይችላል የምንልበት ማስረጃ ይህ ነው። ያ ልጅ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሸዋን ያዘ፤ ኋላም በዓድዋ አገሩን ያዳነ፣ የምንኖርባትን አዲስ አበባን የቆረቆረ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። በመቅደላ አንድ ልጅ ባይተርፍ ኖሮ ታሪካችን በምን መንገድ ይሄድ እንደ ነበር እያንዳንዳችን እናስብ።

ነገር ግን ታሪክ እውነቱን እንድንናገር ይጠይቀናል። ምኒልክ ሲያመልጡ በወሎ መንገድ የሰጧቸው ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ደግሞ በመቅደላ ታስሮ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥ ባዩ ጊዜ በቁጣ ይህን ልጅ አስገደሉት። አንዱን የጠላት ልጅ ያሳደገ እጅ ሌላውን የጠላት ልጅ ገደለ። ሰው ከአንበሳ የሚለየው ሁለቱንም ማድረግ ስለሚችልና መምረጥ ስለ ተሰጠው ነው፤ ስለ መረጠውም ታሪክ ይጠይቀዋል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የንጉሡ ባልንጀሮች ተበተኑ፤ አገሩም ከዳቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬ በአሮጌ ሜዳ ወደቁ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ዓለማየሁ ያለ ጠባቂ ቀረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የዚያ በደረስጌ የተሸነፉት የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ ከእንግሊዞቹ ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ። ልጁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደና በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ። መቃብሩ በዊንዘር ነው። በ2015 ዓ.ም. ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም። በጠባቂ የተረፈውን ምኒልክንና ጠባቂ ያጣውን ዓለማየሁን ጎን ለጎን ብናያቸው ለጥያቄአችን መልስ የሚሆን ነገር እናገኛለን።

የዛሬዎቹ ደቦሎች

ቋራ ከዚህ ታሪክ በኋላ በ2008 ዓ.ም. በሌላ ምክንያት በዓለም ዜና ተጠራች። በዳርቻዋ፣ በሱዳን ጠረፍ ላይ፣ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ሐንስ ባወር የተባሉት ሊቅ ከረዳቶቻቸው ጋር በፓርኩ ውስጥ ካሜራ አጥምደው የአንበሶችን ፎቶግራፍ አነሡ፤ ኮቴአቸውንም አገኙ። የአገሩ ሰዎች አንበሳ መኖሩን ያውቁ ነበር፤ የውጭው ዓለም ግን ያን ጊዜ ተረዳ። በአልጣሽና ከእርሱ ጋር በሚዋሰነው በሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ውስጥ በአንድነት ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ተገመተ። ከእነዚህም በአልጣሽ ያሉት ከ27 እስከ 54 ናቸው ተባለ። ውኃ በዚያ አገር ጥቂት ስለሆነ መንጋዎቹም ብዙ አይሆኑም። እንዲህ ባለ አነስተኛ ቁጥር መካከል አንድ ወንድ በመርዝ ወይም በጥይት ቢሞት፣ ከላይ የነገርኋችሁ ሰንሰለት ሁሉ ይንቀሳቀሳል።

ከአልጣሽ ሌላ በጋምቤላ፣ በኦሞ ወንዝ ሸለቆና በባሌ ሐረና ጫካ አንበሶች ይገኛሉ። ሆኖም ለእኛ ለአዲስ አበባ ልጆች የምናውቀው አንበሳ የስድስት ኪሎው ነው። ይህን የአንበሳ ግቢ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሲያቋቁሙት መነሻ የሆኑት ሰባት አንበሶች ነበሩ፤ አምስት ወንዶችና ሁለት እንስቶች። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደ ተያዙም ይነገራል። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣ አንድ ጥናት ከግቢው አንበሶች 15ቱን መርምሮ፣ በዘራቸው ከዚያ በፊት ከተመረመሩት ከሌሎች አገሮች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን ገለጠ። ጎፈራቸው ጥቁርና ወፍራም ሆኖ በደረታቸው አልፎ እስከ ሆዳቸው ይወርዳል። ሊቃውንቱም ይህ ዘር እንዳይጠፋ በጥንቃቄ እንዲራባ መከሩ።

ነገር ግን በዚህም ግቢ የደቦሎች ዕድል ሁልጊዜ መልካም አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ቦታና ገንዘብ በማጣት ምክንያት በግቢው የተወለዱ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ፣ ቆዳቸውን ሞልተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች እንደ ተሸጡ የውጭ አገር ጋዜጦች ጻፉ። የግቢው ኃላፊዎችም የሚያስፋፉበት ገንዘብ እንደሌላቸው ተናገሩ። እነዚያን ደቦሎች የገደላቸው እንግዳ አንበሳ አይደለም። በአጥር ውስጥ እንግዳ ወንድ አይገባም። የገደላቸው የጠባቂ ማጣት ነው፤ ጠባቂዎቹም እኛ ነበርን።

ስለዚህ በመጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። የአንበሳ ደቦል በማን ያድጋል? በዱር ሲሆን አብረው በሚቆሙ እናቶችና በማይለያዩ ወንዶች ያድጋል። በዛሬው ዘመን ግን ይህ ብቻውን አይበቃውም። በመላው አፍሪካ የቀረው የዱር አንበሳ ከ25,000 ያህል እንደማይበልጥ ይገመታል። እናቶቹ ምንም ያህል ቢተባበሩ ጫካው ከተመነጠረ፣ ድኩላውና ሚዳቋው ካለቀ፣ ከብቱ የተበላበት ገበሬም ካሣ የሚከፍለው አጥቶ ሬሳውን በመርዝ ከቀባ፣ ደቦሉ አያድግም። የአንበሳን ስም በሳንቲማችንና በሐውልታችን ላይ ያኖርን ሁሉ በሕይወት እንዲኖርም ማሰብ ይገባናል።

በመጨረሻም ለትምህርት ቤታችን አንድ ቃል ልናገር። የብዙ እናቶች ልጆች በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ አንዱ የሌላውን ልጅ እንደ ራሱ እየጠበቀ የሚያሳድግበት ቦታ በዱር ብቻ አይደለም ያለው። ወላጆቻችን ጧት ከየቤታቸው ሲሸኙን ለመምህራኖቻችን አደራ ብለው ነው። ከእኛ በፊት በእነዚህ ክፍሎች የተማሩትም ሆነ ዛሬ ያለነው ለዚህ የደረስነው አደራ ተቀባዮቹ ስላልተለያዩ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ እውነት ነው። እኛ ግን ብናብር አንበሳን እናሳድጋለን። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን።